ወገብህን ሥራ ላይ ከያዘህ፦ ከመጀመሪያው ሰዓት እስከ ካሣው

ደም ሲፈስ ሁሉም ይሯሯጣል። ጣት በማሽን ቢቆረጥ ወይም ሰው ከመወጣጫ ላይ ቢወድቅ፣ ክፉ የሚባለው አሠሪ እንኳ መኪና አስነሥቶ ሐኪም ቤት ያደርሳል። ወገብ ግን አይደማም። ኩንታል በቆሎ ተሸክሞ ሲዞር ወገቡን ቀጭ ያደረገው ልጅ ላዩን ሲያዩት ደህና ነው። "ትንሽ አረፍ በልና ትመለሳለህ" ይሉታል። እሱም አፍሮ ጥርሱን ነክሶ ቀኑን ይጨርሳል፤ ማታ በቅቤ ይታሻል። በሦስተኛው ቀን ከአልጋ መነሣት ሲያቅተው ይደውላል። መልሱ "እኛ ጋ ለመጎዳትህ ምን ማስረጃ አለህ?" ነው።

ጎጃም ውስጥ ሸክም የሌለበት ከተማ የለም። መራዊና ቡሬ በቆሎ ይጫናል፣ ቢቸናና ደጀን ጤፍ፣ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ሲሚንቶና ብረት ይወርዳል፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ማዳበሪያው ከመኪና ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ገበሬው በሰው ትከሻ ነው የሚሄደው። ይህን ያህል ሸክም ባለበት አገር ስለ ወገብና ስለ ሕግ የሚነግርህ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ምን ማድረግ እንዳለብህ በቅደም ተከተል ላስቀምጥልህ። አንቺም የግንባታ ሥራ ላይ ባሬላ የምትሸከሚ ከሆነ ያው ነው፤ ሕጉ ለሁለታችሁም እኩል ይሠራል።

መጀመሪያ ሕጉን ጨብጥ

የምትጠቅሰው ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ቁጥሩን ያዘው። ቢሮ ገብተህ "አዋጁ እንዲህ ይላል" ማለትና "1156 እንዲህ ይላል" ማለት አንድ አይደለም፤ ሁለተኛውን ስትል ጸሐፊዋም ቀና ብላ ታይሃለች።

ከአዋጁ ውስጥ ሸክም ለሚሸከም ሰው የሚበጁ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። "እኔ ምን አጠፋሁ? አልገፋሁህ፣ አልመታሁህ" የሚለው መከራከሪያ አያድነውም። ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ሕጉ በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ የሚለው የግድ አንድ ነገር ወድቆብህ ወይም አንተ ራስህ ወድቀህ የተጎዳኸውን ብቻ አይደለም። ሥራውን ለመሥራት ባደረግከው ጥረት ምክንያት በድንገት ሰውነትህ ላይ የደረሰ ጉዳትም አደጋ ነው። ጆንያውን ስታነሣ ወገብህ ቢቀጭ፣ ብሽሽትህ ላይ እብጠት ቢወጣ፣ ማለትም ቡዓ ወይም ሐኪሞቹ ሄርኒያ የሚሉት ነገር ቢመጣ፣ ትከሻህ ቢወልቅ፣ ማንም ሳይነካህ አደጋ ደርሶብሃል ማለት ነው።

አሠሪው ከኃላፊነት የሚያመልጥበት በር ጠባብ ነው። ሆን ብለህ ራስህን ከጎዳህ፣ በግልጽ የተሰጠህን የደህንነት ትእዛዝ ከጣስክ፣ ወይም ራስህን መቆጣጠር እስኪያቅትህ ሰክረህ ሥራ ከገባህ ካሣው ይቀራል። ምሳ ሰዓት ላይ ጠላ ቤት ጎራ ብሎ ከሰዓት በኋላ ጭነት ላይ የሚመለስ ወዳጅ ካለህ ይህችን አንብብለት። አንድ ብርጭቆ ሰከረ አያስብልም ይሆናል፣ ግን ለተከራካሪ ጠበቃ ጥሩ መነሻ ትሆነዋለች።

ለምን ይህን ያህል ትለፋለህ? በብር እንየው

በወር 6,000 ብር የምታገኝ ሠራተኛ ነህ እንበል። ወገብህ ተይዞ ለ6 ወር ሥራ አልገባህም።

አሠሪው ነገሩን "ተራ ሕመም ነው" ብሎ ከመዘገበው የሕመም ፈቃድ ነው የሚሰጥህ። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ሲደመር 12,000 ብር። ሕክምናውም ከኪስህ ይሆናል።

በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ተብሎ ከተመዘገበ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 3 ወራት 75 በመቶ፣ ካልዳንክ ደግሞ የቀሩት 6 ወራት 50 በመቶ። በ6 ወር ብቻ 31,500 ብር ታገኛለህ፤ ዓመቱ ቢሞላ 49,500 ይደርሳል። የሕክምናው፣ የመድኃኒቱ፣ የቀዶ ሕክምናው ወጪም የአሠሪው ነው።

አንድ ወገብ፣ አንድ ሕመም። ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቃል ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ያንን ቃል ለማስጻፍ ነው፤ ሕመሙን ከቀኑ፣ ከሰዓቱና ከሸክሙ ጋር አስሮ ማስቀመጥ።

ደረጃ 1፦ አስቀምጠውና ተናገር

ወገብህ ቀጭ ሲል ወይም እሳት የመሰለ ውጋት ወደ እግርህ ሲወርድ ጭነቱን አስቀምጥ። "ይቺን መኪና ልጨርስ" አትበል። ቀጥሎ እዚያው ቆመህ አጠገብህ ላሉት ጮክ ብለህ ተናገር። "ወገቤን ያዘኝ" በል፤ ሰው ይስማህ። ጎጃሜ ሕመሙን ዋጥ ማድረግ ይወዳል፤ እዚህ ላይ ግን ዝምታህ የምትከፍለው ዕዳ ነው።

ከዚያ ለቅርብ አለቃህ ንገረው። ካቦ፣ ፎርማን፣ የመጋዘን ኃላፊ፣ ባለቤቱ ራሱ፣ ማንም ይሁን ማን። በአፍ ከነገርከው በኋላ በስልክ አጭር መልእክት ጨምርበት፣ ዳታ ባይኖርም መልእክት ይሄዳልና። እንዲህ ብለህ ጻፍ፦

"ጋሼ፣ ዛሬ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ከመኪና ሲሚንቶ ሳወርድ ወገቤን ያዘኝ። ሕመሙ ወደ ቀኝ እግሬ ይወርዳል። አብረውኝ ሲያወርዱ የነበሩት እገሌና እገሌ አይተዋል። አሁን ወደ ጤና ጣቢያ እየሄድኩ ነው።"

ይኸው ነው። መልእክቱ ቀንና ሰዓት ይዞ ይቀመጣል። እሱም "እሺ፣ እግዜር ይማርህ" ብሎ ከመለሰልህ ደግሞ አወቀ ማለት ነው። ስልክህን ብትቀይር እንኳ ያቺን መልእክት ፎቶ አንሥተህ ለዘመድ ላክ።

አሠሪው በዚህ ሰዓት የራሱ ግዴታ አለበት። የመጀመሪያ እርዳታ መስጠት፣ በተገቢ ማጓጓዣ ቅርብ ወዳለው የሕክምና ተቋም ማድረስ፣ አደጋውን መመዝገብና ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ። ባጃጅ ከፍሎ ከላከህ መልካም። ካልላከህ ራስህ ሂድ፤ ደረሰኙን ግን አትጣል።

ደረጃ 2፦ ሐኪሙ ጋ መጀመሪያ፣ ወጌሻው ጋ በኋላ

ወጌሻን አልነቅፍም። ስንቱን የወለቀ ክንድ ወደ ቦታው መልሰዋል። ግን ሁለት ችግር አለ። ወጌሻ ወረቀት አይሰጥም። በተጨማሪ ደግሞ የጀርባ አጥንት ዲስክ፣ ማለትም በአጥንቶቹ መካከል ያለው ትራስ መሰል ነገር፣ ተንሸራቶ ነርቭ ከተጫነ፣ ረግጦ ማሸትና መጠምዘዝ ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል። ስለዚህ በዚያው ቀን፣ ቢበዛ በማግስቱ፣ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂድ። መንገድ ተዘግቶ ትልቁ ሆስፒታል መድረስ ካልቻልክ የቀበሌህ ጤና ጣቢያ ይበቃል። ዋናው ስምህ በዚያ ቀን መዝገብ ላይ መግባቱ ነው።

ሐኪሙ "ምን ሆንክ?" ሲልህ "ወገቤን አመመኝ" ብለህ አትቁም። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ በል፦ "ዛሬ ጠዋት ሥራ ላይ 50 ኪሎ ሲሚንቶ አንሥቼ ስዞር በድንገት ወገቤን ያዘኝ፤ ከዚያ በፊት ደህና ነበርኩ።" ሐኪሙ ይህን ካርድህ ላይ ይጽፈዋል። ከወራት በኋላ ፍርድ ቤት የሚያነበው ይህንኑ መስመር ነው። በፊት ወገብህን ያምህ ከነበረም አትደብቅ። "አልፎ አልፎ ያመኝ ነበር፣ እንዲህ ሆኖ ግን አያውቅም" ብለህ እውነቱን ተናገር፤ ቆይቶ አሮጌ ካርድ ከተገኘ ውሸታም ተብለህ ሙሉው ነገር ይበላሻል።

ስትወጣ ሦስት ነገር ይዘህ ውጣ። የሕክምና ማስረጃ፣ ከሥራ የምታርፍበትን ቀን የሚገልጽ የዕረፍት ወረቀትና የከፈልክበት ደረሰኝ። የዕረፍት ወረቀቱ ላይ ጉዳቱ ሥራ ላይ መድረሱ እንዲጠቀስልህ በትሕትና ጠይቅ።

ስለ ራጅ አንድ ነገር ልበል። አሠሪዎች "ራጁ ንጹሕ ነው፣ ምንም የለበትም" ማለት ይወዳሉ። ራጅ የሚያሳየው አጥንት ነው። ዲስክ፣ ነርቭ፣ የተቀደደ ጡንቻ በራጅ አይታይም። ንጹሕ ራጅ አጥንትህ እንዳልተሰበረ ይነግርሃል እንጂ እንዳልተጎዳህ አይነግርህም። ኤምአርአይ ነው ዲስክን የሚያሳየው፤ እሱ ደግሞ ውድ ነው፣ ሐኪሙ ካዘዘው ግን ወጪው የአሠሪው ነው።

አሁን ደግሞ ሳትዘገይ ወደ ሆስፒታል የምትበርበትን ልንገርህ። ሽንት ካስቸገረህ ወይም ካመለጠህ፣ መቀመጫህና የጭንህ ውስጠኛ ክፍል ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮችህ ከከዱህ፣ ወይም አንድ እግርህን ማንሣት እያቃተህ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቅ። እነዚህ ነርቭ መታፈኑን የሚያሳዩ ናቸው፤ ሰዓታት ዋጋ አላቸው፣ ከዘገየ ላይመለስ ይችላል። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን አሉ፣ ምሥራቅ ጎጃም ከሆንክ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አለ።

እነዚህ ምልክቶች ከሌሉህ አትደንግጥ። አብዛኛው የወገብ ሕመም በሳምንታት ውስጥ ይሻሻላል። ለሳምንታት አልጋ ላይ መተኛት ግን ይጎዳሃል እንጂ አያድንህም። ቀስ እያልክ ተራመድ፣ የታዘዘልህን ውሰድ፣ ከባድ ነገር አታንሣ። እናትህ "ተኛ ልጄ" ብትልህም ተነሥተህ ግቢ ውስጥ ወዲህ ወዲያ በል።

ደረጃ 3፦ ደብዳቤ ጻፍ

መልእክቱ ብቻ አይበቃም። በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፍ። የጠበቃ አማርኛ አያስፈልግም፦

"ለ… ድርጅት። እኔ … በድርጅቱ ውስጥ በጫኝና አውራጅነት የምሠራ ስሆን በቀን … ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ በኃላፊዬ በአቶ … ትእዛዝ ከመኪና ላይ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ሳወርድ ወገቤ ላይ ድንገተኛ ጉዳት ደርሶብኛል። በዕለቱ በ… ጤና ጣቢያ ታክሜያለሁ፤ የሕክምና ማስረጃዬን … ገጽ አያይዣለሁ። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ተብሎ እንዲመዘገብልኝ፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕክምና ወጪዬና ደመወዜ እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ።"

በሁለት ኮፒ አድርግ። አንዱን ስጥ፣ በሌላው ላይ "ደርሶኛል" ብለው ፈርመው ቀን ይጻፉልህ። አንፈርምም ካሉ ሁለት ሰው ይዘህ ሄደህ ፊታቸው አስቀምጥ፣ ወይም በፖስታ ቤት በአደራ ላከው። ያየው የሥራ ባልደረባህ ደግሞ ስሙንና ስልኩን ጽፈህ ያዝ። አሁን "እመሰክራለሁ" ያለህ ሰው ከወር በኋላ እንጀራው ያሳስበዋል፤ አትፍረድበት፣ ግን ትዝታው ትኩስ እያለ ያየውን በወረቀት አስፍሮ እንዲፈርምልህ ለምነው።

የሥራ ውል ወረቀት የለኝም ትለኝ ይሆናል። እኛ ዘንድ ስንቱ ነው በጽሑፍ የተቀጠረው? የጽሑፍ ውል አለመኖሩ መብትህን አያስቀርም። እንዲያውም ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራ ሁኔታውን የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ሊሰጥህ ይገባ ነበር። መቀጠርህን በሌላ ነገር አስረዳ፦ የደመወዝ ፊርማ፣ በባንክ ወይም በቴሌብር የገባ ክፍያ፣ ታይም ኪፐሩ የያዘው መዝገብ፣ መታወቂያ፣ የሥራ ልብስ ለብሰህ የተነሣኸው ፎቶ፣ ምስክር።

ደረጃ 4፦ ቀጠሮህን አትዝለል፣ ፐርሰንትህን አስወጣ

ክፍያው እየመጣ ሳለ ሕክምናውን ችላ ካልክ፣ ምርመራ እምቢ ካልክ ወይም መዳንህን የሚያዘገይ ነገር ካደረግክ ክፍያው ሊቋረጥ ይችላል። ዕረፍት ላይ ሆነህ የጎረቤት ቤት ሲሠራ ድንጋይ ስታቀብል ብትታይ ምን እንደሚባል አንተው ታውቃለህ።

ካልዳንክ፣ ወይም ድነህም ቀድሞ የምትሸከመውን መሸከም ካልቻልክ፣ ወደ ሐኪሞች ቦርድ ትመራለህ። ቦርዱ የጉዳትህን መጠን በመቶኛ ይወስናል። ይህ የሚሆነው በተቻለ መጠን ጉዳቱ ከደረሰ በ12 ወር ውስጥ ነው። በኋላ ከባሰብህ ወይም መጀመሪያ በስህተት ከተገመተ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ካሣ ጡረታ ውስጥ በመግባትህና ባለመግባትህ ይለያያል። ደመወዝህ ላይ 7 በመቶ እየተቆረጠ አሠሪው 11 በመቶ እየጨመረ ወደ ጡረታ ፈንድ የሚገባልህ ከሆነ ጉዳዩ በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ነው የሚታየው። ኢንሹራንስ ከተገባልህም በዚያ። ሁለቱም ከሌሉህ ግን አሠሪው ከኪሱ በአንድ ጊዜ ይከፍላል። ሙሉ በሙሉ መሥራት ካልቻልክ የ5 ዓመት ደመወዝ፣ በከፊል ከሆነ ከዚያ ላይ በመቶኛህ ልክ። 6,000 ብር ለሚያገኝ ሰው የ5 ዓመቱ 360,000 ብር ነው፤ ቦርዱ 20 በመቶ ካለ 72,000 ብር። ቆርጦ ባለማስገባቱ "ተጠቀምኩ" ያለ አሠሪ እዚህ ላይ ነው ሒሳቡ የሚመጣበት።

በዚህ ላይ ጉዳቱ በአሠሪው ጥፋት የመጣ ከሆነ፣ ለምሳሌ የተሰበረ መሸጋገሪያ እንዳለ እየተነገረው ካላስጠገነ፣ ከዚህ ውጭ ተጨማሪ ካሣ በፍትሐ ብሔር መጠየቅ ትችላለህ።

ደረጃ 5፦ ሽምግልናው ጥሩ ነው፣ ፊርማው ይቆይ

እኛ አገር ነገር በሽማግሌ ነው የሚያልቀው። አሠሪው ቄሱንና ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይዞ ቤትህ ይመጣል፤ ቡና ይፈላል፤ "ልጄ፣ ነገ እኮ ትፈላለጋላችሁ" ይባላል። አምስት ሺህ ብር ይዘረጋና "ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም" የሚል ወረቀት ይቀርባል። አባቶችን አክብር፣ ቡናውን ጠጣ፣ ወረቀቱን ግን ፐርሰንትህ ሳይታወቅ አትፈርም። ዛሬ ቀላል የመሰለ ወገብ ከአራት ወር በኋላ ቀዶ ሕክምና ሊፈልግ ይችላል። "ገንዘቡን ለሕክምና እቀበላለሁ፣ ስለ ቀሪው ሐኪሙ ከጨረሰ በኋላ እንነጋገር" በል፤ የተቀበልከውንም "ለሕክምና ወጪ" ብለህ ፈርምበት።

ሽምግልና ሌላም አደጋ አለው፤ ቀን ይበላል። ከሰኔ ወደ መስከረም፣ ከመስከረም ወደ ጥር እየተባለ ሲገፋ ይርጋ፣ ማለትም ካለፈ መክሰስ የማትችልበት የጊዜ ገደብ፣ ይቆጥራል። እነዚህን ቀኖች ግድግዳ ላይ ለጥፋቸው፦ ከሥራ ብትባረርና ወደ ሥራህ መመለስ ብትፈልግ 3 ወር ብቻ ነው ያለህ። የደመወዝና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ 6 ወር። ሌላው ከሥራ ግንኙነት የሚነሣ ክስ በጠቅላላው 1 ዓመት። እኔ የምመክርህ ሁሉንም በ3 ወር ውስጥ ጀምረው ነው፤ ከይርጋ ጋር መጫወት ጥሩ አይደለም።

ስምምነት ከጠፋ መጀመሪያ የወረዳህ ወይም የከተማህ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሂድ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አሉ፤ ሥራ ቦታውን መጥቶ ማየት ሥራቸው ነው። አሠሪውን ጠርተው ያነጋግራሉ፣ አንዳንዴ በአንድ ስልክ ነገሩ ያልቃል። ካላለቀ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ ፍርድ ቤቱም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዛል፤ ይግባኙ ደግሞ በ30 ቀን ነው። 60 ቀኑ ሁልጊዜ ይከበራል ብዬ አልዋሽህም። ለጠበቃ የምትከፍለው ከሌለህ የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ወረቀትህን በአንድ ፌስታል አድርገህ ሂድ፣ ክሱን እነሱ ይጽፉልሃል።

ለጫኝና አውራጅ ማኅበር አባላት

እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል፤ እውነቱን ልንገራችሁ። እስከ አሁን የጻፍኩት ሁሉ ለተቀጠረ ሰው ነው፤ ማለትም በሌላ ሰው አመራር ሥር በደመወዝ ለሚሠራ። በማኅበር ተደራጅታችሁ በኩንታል እየተዋዋላችሁ የምታወርዱ ከሆነ ባለ እህሉ "እነሱ ሠራተኞቼ አይደሉም፣ ማኅበሩን ነው የተዋዋልኩት" ይላል፤ ብዙ ጊዜም ያዋጣዋል። ሆኖም ስም ብቻ አይወስንም። ማኅበር ተብላችሁ በየቀኑ የአንድ መጋዘን ሥራ ብቻ የምትሠሩ፣ ሰዓታችሁን እሱ የሚወስን፣ እሱ የሚያዛችሁ ከሆነ "ቅጥር ነው" ብሎ መከራከር ይቻላል።

ቅጥር ካልሆነ ደግሞ የሚቀረው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከውል ውጭ ኃላፊነት ነው። እዚያ የሰውዬውን ጥፋት አንተ ማስረዳት አለብህ፣ ይርጋውም 2 ዓመት ነው። ከባድ መንገድ ነው። ስለዚህ ማኅበራችሁ ከደላላና ከነጋዴ ጋር ሲዋዋል "ጉዳት ቢደርስ የሕክምናውን ወጪ አሠሪው ይሸፍናል" የሚል አንድ መስመር ያስገባ። ከየቀኑ ገቢ ትንሽ ትንሽ እየተቆረጠ የሚጠራቀም የጉዳት ሣጥንም ይኑራችሁ። ዕድር ለቀብር ብቻ የተፈጠረ አይደለም።

ወገብህ ከመያዙ በፊት

ስንት ኪሎ ነው ብዙ? ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ ለአዋቂ ወንድ ጣሪያውን 55 ኪሎ አድርጎታል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተመራማሪዎች ደግሞ ሁሉ ነገር በተመቸበት፣ ጭነቱ ከሰውነት ጋር ተጠግቶ፣ ከወገብ ከፍታ ላይ ሲነሣ እንኳ 23 ኪሎ ይላሉ። የእኛ ሲሚንቶና ማዳበሪያ 50 ኪሎ ነው። የእህሉ ኩንታል 100። ከጣሪያው እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው? መቶ ኪሎ ብቻውን መሸከም እንደ ጀግንነት መቆጠሩን ብንተወው ደስ ይለኛል፤ ጀግናው በ40 ዓመቱ ቤት ሲውል ማንም አይጠይቀውም።

ስታነሣ እግርህን ከፈት አድርገህ ጭነቱ አጠገብ ቁም። ጉልበትህን እጠፍ፣ ጀርባህን ቀጥ አድርግ፣ ጭነቱን ደረትህ ላይ አስጠጋው፤ ከሰውነትህ በራቀ ቁጥር ወገብህ ላይ የሚያርፈው ጫና ይባዛል። ስትዞር በእግርህ ዙር። ወገብን ጠምዝዞ መወርወር ነው አብዛኛውን ሰው የሚጥለው። ከመሬት ከማንሣት ከመኪና ወለል ላይ በቀጥታ በትከሻ መቀበል ይሻላል፤ ለዚህ ደግሞ ላይ የሚያቀብሉ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ነገር፦ ንጋት ላይ ከእንቅልፍ እንደነቃህ የጀርባህ ዲስክ ፈሳሽ ጠጥቶ ያበጠ ስለሆነ ጎንበስ ብሎ ከባድ ማንሣት የበለጠ ይጎዳል። ረጅም መንገድ በጭነት መኪና ተቀምጠህ መጥተህ ወዲያው ማውረድ መጀመርም እንዲሁ። አሥር ደቂቃ ተራመድ፣ ቀለል ያለውን አስቀድም። ስለ ወገብ ቀበቶ ደግሞ፦ ጤነኛ ወገብን ከጉዳት እንደሚከላከል በቂ ማስረጃ አልተገኘም። ስታስረው ብርታት ይሰማህና ከአቅምህ በላይ ታነሣለህ፤ እዚያ ላይ ነው ጉዱ።

ለአሠሪው

ጋሼ፣ እርስዎም እዚህ ድረስ ካነበቡ ጥቂት ነገር ልበል። የአዋጁ አንቀጽ 92 ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያሳውቁ፣ መከላከያ እንዲሰጡ፣ ጉዳት እንዲመዘግቡና እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። የአሠራሩ ሁኔታ፣ ማለትም አነሣሡ፣ ከፍታው፣ ክብደቱ ሳይቀር፣ ጉዳት እንዳያመጣ መጠንቀቅም እዚያው ውስጥ አለ። ጓንት ሰጥተው "ግዴታዬን ጨረስኩ" ማለት አይሆንም።

ሥራው ውድ አይደለም። እህሉን በ100 ኪሎ ሳይሆን በ50 ኪሎ ጆንያ ያስሞሉ። ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ጋሪ ይግዙ፤ ብየዳ ቤት ያሠሩታል። መጋዘኑ በር ላይ በመኪና ወለል ልክ ከፍ ያለ መደብ በሲሚንቶ ያሠሩ፣ መሸጋገሪያ ሳንቃው አይወዛወዝ፣ ወለሉ ላይ የፈሰሰ ዘይት ወዲያው ይጠረግ። ከ50 ኪሎ በላይ ያለው በሁለት ሰው ይነሣ፣ ይህም ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። አንድ ደብተር ይግዙና ቀን፣ ሰዓት፣ ስም፣ የተነሣው ነገር፣ የተደረገው እርዳታ ብለው መስመር ያስምሩበት። ያ ደብተር ሐሰተኛ ጥያቄ ሲመጣ የሚከላከለው እርስዎን ነው። ለሠራተኞችዎ ኢንሹራንስ ይግቡ፤ አንድ የተቀጨ ወገብ የሚያስከፍለውን ከላይ አይተውታል።

ሠራተኛው "ይህ መሸጋገሪያ ሰው ይገድላል" ብሎ አስጠንቅቆዎት ዝም ካሉ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ለቅቆ የስንብት ክፍያ መጠየቅ ይችላል።

ስለ ልጆቹም። ከገጠር መጥተው ገበያ ቀን ጆንያ የሚያወርዱ የ15፣ የ16 ዓመት ልጆች ሞልተዋል። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ጨርሶ ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያሉትንም ቢሆን በመጋዘንና በጭነት ሥራ ላይ ከባድ ነገር እንዲያነሡ፣ እንዲጎትቱ ወይም እንዲገፉ ማድረግ ሕጉ ይከለክላል። "ቤተሰቡ ራሱ ለምኖኝ ነው" ማለት መልስ አይሆንም። ሥራ ሊሰጡት ካሰቡ ሚዛን ላይ ያቁሙት፣ ደብተሩን ይያዝ።